ሆቴሉን ተዉት፣ ሰዎቹን ንገሩን

ከጠፋሁ ሰነባበትኩ። ሥራው፣ ልጆቹ፣ ሚሉኢሙ... ሰበብ መቼም አይጠፋም። ዛሬ ግን ዝም ብዬ መተኛት ስላቃተኝ ሻይዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶች እንዳይምታታባችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ፊልሙን ገና አሁን ማየቱ ነው። የትኛውን እንደምል ታውቃላችሁ፤ በ2019 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣውን፣ ሞሳድ ሱዳን ውስጥ በቀይ ባሕር ዳር ስለከፈተው የጠላቂዎች መዝናኛ የሚያወራውን። ሰላምታውን ሳንጨርስ እየሳቀ ጠየቀኝ፦ «ስማ እንጂ፣ ጋሼ በዚያ በኩል አይደል የመጣው? ሆቴሉ እንዴት ነበር ይላል?»

ሆቴሉ! እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

በዚያው ሳምንት እዚህ ፔታህ ቲክቫ የፖስታ ሣጥኔን ስከፍት አንድ የሚያብረቀርቅ ወረቀት አገኘሁ። «የሰላዮቹ ሆቴል» የሚል የንግግር ምሽት፣ ከወይንና ከአይብ ጋር፣ መግቢያው ይህን ያህል ሰቅል። ሥዕሉ ላይ ሰማያዊ ባሕር አለ፣ ጠላቂ አለ፣ ዓሣ አለ። ተናጋሪዎቹ ሦስት ናቸው። የእኛ ሰው በተናጋሪነትም ሆነ በሥዕል አንድም የለም። ዓሣው እንኳ ቦታ አግኝቷል፣ እኛ አላገኘንም!

አንዳንዶቻችሁ «ደግሞ ምን አመጣህ፣ ስለ እኛ ማውራታቸውስ ጥሩ አይደል?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ቆዩማ። ይህ ነገር ለምን እንዳንገበገበኝ እንድታውቁ መጀመሪያ ስለ መርከቡ ላውራችሁ።

ከሠራዊቱ ከወጣሁ በኋላ በሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክና ማቀዝቀዣ ተምሬ የሰው ማዝጋን ስጠግን እንደኖርኩ ታውቃላችሁ። በ2019 አንድ የሥራ ጓደኛዬ «መርከብ ላይ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይፈልጋሉ፣ ክፍያው ጥሩ ነው» አለኝ። የእሳት ማጥፋቱን፣ ባሕር ላይ ሕይወት የማዳኑንና የመጀመሪያ እርዳታውን ሥልጠና ወስጄ ወረቀቴን ያዝኩና ፒሬየስ፣ ግሪክ ወደብ ላይ ተሳፈርኩ። የኩባንያውን ስም አልጽፍም፣ እንጀራ አብልቶኛል።

መርከቡ ከሃይፋ እንደሚነሡት እንደ ሕንጻ የረዘሙ መርከቦች አይደለም። ትንሽ ነው፤ መቶ የሚሆኑ እንግዶች፣ ከእነርሱ ብዙም የማያንሱ ሠራተኞች። «የአሰሳ ጉዞ መርከብ» ይሉታል። ይህን ዓይነቱን ጉዞ የጀመረው ሊንድብላድ የሚባል ሰው ነው፤ በ1966 ቱሪስቶችን ይዞ አንታርክቲካ ሄደ፣ በ1969 ደግሞ ለዚሁ ተብሎ የተሠራች መርከብ አስወጣ። ያቺ መርከብ በ2007 እዚያው አንታርክቲካ በረዶ ቀዷት ሰጠመች፤ የተሳፈሩት 154 ሰዎች ግን ሁሉም ዳኑ። ትንሽ የሚሆኑበት ምክንያት አላቸው። አንታርክቲካን በመሰለ ቦታ ባንድ ጊዜ ከመቶ ሰው በላይ የብስ ላይ ማውረድ አይፈቀድም፤ ወደብ በሌለበት ዳርቻም ሰው የሚወርደው በጎማ ጀልባ ነው። ትንሽ ሲሆን ደግሞ ይወደዳል። በእኛ መርከብ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሌሊት፣ ከሺህ ዶላር በላይ ነበር።

ሀብታም መናቅ አይደለም ዓላማዬ። እንግዶቹ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች፣ የተማሩ፣ ጨዋ ሰዎች ነበሩ። አዞ ቆዳ ጫማ አድርገው የሚጨፍሩ አይምሰሏችሁ። ጠዋት መነጽር ይዘው ወፍ ያያሉ፣ ከሰዓት ጀልባ ላይ ይወጣሉ፣ ማታ በትልቁ ሳሎን ተቀምጠው ሊቃውንት ትምህርት ይሰጧቸዋል። ታሪክ አዋቂ አለ፣ የዓሣ ሊቅ አለ፣ የድንጋይ ሊቅ አለ። ለእነርሱ ቅንጦቱ አልጋው ብቻ አይደለም፤ «አውቀን መጣን» ብሎ መመለስም ነው።

እኛ ደግሞ ታች ነን። ክፍሌ ከውኃው መስመር በታች፣ መስኮት የሌላት፣ ከአንድ ፊሊፒናዊ ጋር የተካፈልናት ጠባብ ክፍል ነበረች። ደረጃችን ሌላ፣ መብያችን ሌላ፣ በራችን ሌላ። የባሕረተኞች ሕግ ሠራተኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ72 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይከለክላል። ሰዓታችን ይጻፋል፣ እንፈርማለን። ጀኔሬተሩ ሌሊት ሲያስል ግን ማን ሰዓት ይቆጥራል? ከባሕር ውኃ ጨው አውጥቶ የሚጠጣ የሚያደርገው መሣሪያ ከቆመ መላው መርከብ ይጠማል፣ ስለዚህ ትነሣለህ። ሰንበትን ለመጠበቅ ከጓዶቼ ጋር ሰዓት እየተለዋወጥኩ አርብ ማታ ያቺን መስኮት አልባ ክፍል ምኩራብ አደረግኳት። ጓደኛዬ መስቀሉን ስሞ ይተኛል፣ እኔ ጸሎቴን አደርሳለሁ። ተዋደን ኖርን፣ ዛሬም እንደዋወላለን።

ጀልባዎቹን በደንብ አስታውሱልኝ። ጥቁር የጎማ ጀልባ ናቸው፣ ዞዲያክ ይሏቸዋል፣ አንዷ አሥር ሰው ያህል ትይዛለች። ከመርከብ ወደ ጀልባ፣ ከጀልባ ወደ አሸዋ የሚወርድ እንግዳ እጅ መጨበጥ አይፈቀድለትም፤ መርከበኛው ክንዱን ይይዘዋል፣ እርሱም የመርከበኛውን ክንድ ይይዛል፣ ክንድ በክንድ። እርጥብ እጅ ይሾልካል፣ ክንድ ግን አይሾልክም። በመጀመሪያው ቀን ይህን ያስተምሯቸዋል። አንዲት አሮጊት አሸዋው ላይ ስትወርድ ውኃው እስከ ጉልበቷ ሲነካት እንደ ሕፃን ስትስቅ አይቻለሁ። ፎጣ ተይዞ ይጠብቃታል፣ ትኩስ መጠጥ ተይዞ ይጠብቃታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከግሪክ ተነሥተን ስዊዝን አልፈን ወደ አቃባ እየሄድን ነበር። አንድ ምሽት የሳሎኑ ማዝጋን ውኃ ያንጠባጥባል ተብሎ ተላክሁ። መሰላሌን ከኋላ አቁሜ ጣሪያውን ከፍቼ ስሠራ ታሪክ አዋቂው ንግግሩን ጀመረ። ርዕሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የሞሳድ ሆቴል! ፊልሙ ከወጣ ገና ጥቂት ወራት ነበር።

ጥሩ ተናጋሪ ነው፣ አልዋሸም። አሩስ የተባለው የመዝናኛ መንደር ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እንደነበር ነገራቸው። ጣሊያኖች በ1970ዎቹ የሠሩት፣ 15 ቤቶች ያሉት፣ ውኃም መብራትም በአግባቡ ያልደረሰው ስፍራ ነበር። የሞሳድ ሰዎች የስዊስ ኩባንያ መስለው ለሦስት ዓመት በ320 ሺህ ዶላር ተከራዩት። ቀን ዲፕሎማቶችና የአውሮፓ ቱሪስቶች ይጠልቃሉ፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፤ ሌሊት አስተማሪዎቹ ይጠፋሉ። መዝናኛው እንዲያውም ትርፍ አገኘ! እዚህ ላይ እንግዶቹ ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ኮማንዶዎቹ በጎማ ጀልባ መጥተው ስደተኞቹን ከባሕር ዳር እያነሡ «ባት ጋሊም» ወደተባለችው የባሕር ኃይል መርከብ አደረሷቸው። የመጀመሪያው ጊዜ ኅዳር 1981 ሲሆን 164 ሰው ወጣ። መጋቢት 1982 የሱዳን ወታደሮች ደርሰውባቸው ተኩስ ከፈቱ፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ አውሮፕላን ተቀየረ።

ሁሉም እውነት ነው። የሰላዮቹ ስም ተጠራ፣ የአዛዡ ስም ተጠራ፣ የመርከቧ ስም ተጠራ፣ የተዋናዩ ስም ሳይቀር ተጠራ። ስለ እኛ የተነገረው ግን አንድ ቀልድ ብቻ ነበር። «እነዚህ ሰዎች ባሕር አይተው አያውቁም፣ የጀልባውን ሞተር ሲሰሙ አውሬ መሰላቸው» አለ። እንግዶቹ ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ሕፃን ሲወድቅ እንደሚሳቅ ዓይነት ሳቅ ነው። ከዚያ ሳሎኑ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ መሰላል ላይ ቆሜያለሁ፣ ውኃው በእጄ ላይ ይወርዳል። በመስኮቱ በኩል ከሩቅ መብራት ይታያል። ሻርም ኤል ሼክ ነበር። ባት ጋሊም የእኛን ሰዎች ያወረደችው እዚያ ነው፤ በ1982 ሚያዝያ ሲና ለግብፅ እስኪመለስ ድረስ ቦታው በእስራኤል እጅ ነበርና። እናም አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ጋሼ፣ ከወረዱት አንዱ ነው።

ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ምንም። መሰላሌን አጥፌ ወረድኩ። ሠራተኛ በንግግር መሐል አይናገርም። ሦስት ዓመት የዚህን አገር መለዮ የለበስኩ ሰው፣ ጥይት ሲጮህ ያልተርበተበትኩ ሰው፣ ከመቶ ሽማግሌዎች ፊት አፌ ተሳሰረ።

ነገር ግን አላስችል አለኝና ማታ ታሪክ አዋቂውን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። «አጎቴ በዚያች መርከብ ነው የመጣው» አልኩት። ሰውየው ቀይ ሆነ፣ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ከዚያ ደስ ብሎት «ነገ ማታ አንተ ንገራቸው! ከአለቃህ እኔ አስፈቅድልሃለሁ» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? እምቢ አልኩ። ያፈርኩት ከእንግሊዝኛዬ አይደለም። የምነግራቸው አልነበረኝም! ጋሼን አንድም ቀን ቁጭ ብዬ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ከየትኛው መንገድ ሄደ? ከማን ጋር? ማን መራው? ማን ቀረ? ባዶ ነኝ። የማውቀው ያው ፊልሙ የሚያውቀውን ነው።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የፈረንጅ ክስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ የከሰስኩት ራሴን ነው። አበው «ባለቤት ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ይላሉ። እኛ ያቀለልነውን ታሪክ ማን ከባድ ያድርግልን?

ወደ ቤት እንደተመለስኩ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ቡና ተፈላ፣ እማዬ ዳቦ ቆረሰች። «ጋሼ፣ አንቱ በመርከብ እንደመጡ አውቃለሁ። እስቲ ያጫውቱኝ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «አንተ ልጅ፣ ዛሬ ምን ነካህ?» አለኝ። ከዚያ እስከ እኩለ ሌሊት አወራ።

በመጀመሪያ ያ ቀልድ። ጋሼ የደንቢያ ልጅ ነው፣ ጣና ዳር ያደገ። ልጅ ሆኖ በደንገል ታንኳ ተሳፍሯል፣ ጎርጎራ ላይ የሞተር ጀልባ አይቷል። «አውሬ መሰለን? ኧረ ተው! ሞተር መሆኑንማ አውቀን ነው የፈራነው፤ ድምፁን ወታደር ይሰማዋል ብለን» አለኝ። አያችሁ? የሠለጠነ ሰው ፍርሃት ነበር። ሊቁ ግን የጅል ፍርሃት አድርጎ ሸጠው።

ቀጥሎ መንገዱ። በእግር በመተማ በኩል ወጥቶ ገዳሪፍ ገባ። እዚያ ወራት ቆየ፣ ማንነቱን ደብቆ፣ ሰንበትን በልቡ እየጠበቀ። ከዚያ አንድ ሌሊት «ውጡ» ተባሉ። በጭነት መኪና፣ በሸራ ተሸፍነው፣ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር፣ ኬላ በኬላ። ቀን ተደብቀው ይውላሉ፣ ሌሊት ይሄዳሉ። ሕፃን ሲያለቅስ እናቱ አፉን ትይዛለች። ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ጨለማ ነው። ውኃው እስከ ጉልበቱ ገባ። አንድ ወታደር ከጀልባው ጎንበስ ብሎ ያዘው። ጋሼ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ፦ «እጄን አይደለም የያዘኝ፣ እዚህ ጋ ነው» ብሎ ክንዱን ነካ።

ክንድ በክንድ! ተነሥቼ ውጭ ወጣሁ። ያቺን በውኃው የምትስቅ አሮጊት አስታወስኩ። ያው ባሕር፣ ያው የጎማ ጀልባ፣ ያው አያያዝ። ለአንዷ ፎጣና ትኩስ መጠጥ፣ ለሌላው የመጨረሻ ዕድል።

በመጨረሻ ጋሼ አንድ ሰው ነገረኝ። ገዳሪፍ ላይ ወደ መኪናው ያስገባቸው አንድ ልጅ ነበር፣ ምናልባት ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ከእኛው ከቤተ እስራኤል ወገን። የሰዎቹን ስም በወረቀት ሳይሆን በቃሉ ይዞ አንድ በአንድ በጨለማ ይጠራ ነበር። እናቱና እህቱ እዚያው መኪና ላይ ተጫኑ። ጋሼ «አንተስ ና እንጂ!» ሲለው «ነገ የሚመጡ አሉ» ብሎ ሸራውን አለበሳቸውና ተመለሰ። ጋሼ ይህን ሲናገር አለቀሰ። ባሕሩን ሲያወራ አላለቀሰም፣ መርከቡን ሲያወራ አላለቀሰም፣ ስለዚያ ልጅ አለቀሰ።

እንግዲህ ክርክሬ ይኸው ነው ወገኖቼ። የእነርሱ ታሪክ የሚጀምረው ሆቴሉ ሲከፈት ነው፣ የሚያልቀው ጀልባው ሲነሣ ነው። የእኛ ታሪክ ግን ወደ ኋላ በተመለሰው ልጅ ነው የሚጀምረው! ያለ እርሱ ሆቴሉ ባዶ ሆቴል ነው፣ መርከቧም ባዶ መርከብ ናት።

የሞሳድ ሰዎቹን ጀግንነት አልክድም፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ቢያዙ ሱዳን ውስጥ ምን እንደሚጠብቃቸው የታወቀ ነበር። ቤጊን ሲያዝዙ አልሰነፉም፣ አልፈሩም። ወታደር ነበርኩና የወታደርን ውለታ አልረሳም። ነገር ግን ወታደር ስለሆንኩ አንድ ሌላ ነገርም አውቃለሁ፦ መንገድ መሪው ሳይኖር ጦሩ የትም አይደርስም፣ ከዘመቻ በኋላ ግን መጽሐፉን የሚጽፈው መንገድ መሪው አይደለም።

ፈረደ አክሉምን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? የትግራይ ተወላጅ፣ መምህር፣ ወደ ሱዳን ተሰድዶ ከካርቱም ደብዳቤ የላከ፣ በ1979 ከሞሳዱ ሰው ጋር ተገናኝቶ የሱዳንን በር ያስከፈተ። ለየመንደሩ መልእክት እየላከ «በዚህ በኩል ኑ» ያለው እርሱ ነው። በ2009 አዲስ አበባ ላይ ሳለ አረፈ፣ ቤርሼባ ተቀበረ። ፊልሙ ውስጥ እርሱን የሚመስለው ሰው ስሙ እንኳ ተቀይሮ ከበደ ተብሏል። የፊልሙ ባሕርም የእኛ ባሕር አይደለም፤ የተቀረጸው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

ፊልሙ የወጣው ሐምሌ 31 ቀን 2019 ነው። ልክ ከአንድ ወር በፊት ሰኔ 30 ቀን ወጣቱ ሰለሞን ተካ ቂርያት ሃይም ውስጥ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ፣ ልጆቻችንም መንገድ ዘግተው ጮኹ። በዚያው ሰሞን ዓለም ሶፋ ላይ ተቀምጦ በ1982 ስለዳንን አጨበጨበ። ባሕር ዳር ቆሞ እጁን የሚዘረጋ ጥቁር ሰው ይወደዳል፤ መንገድ ላይ ቆሞ መብቱን የሚጠይቅ ግን ይረብሻል። በዚህችው ፔታህ ቲክቫ፣ ስሟ የተስፋ በር ማለት በሆነችው ከተማ፣ በ2009 አንዳንድ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ልጆቻችንን አንቀበልም ብለው አገር ሙሉ ጉድ ሲል ሁላችንም ነበርን። ታሪካችን እንደ ቅንጦት ሽርሽር ሲነገር የሚያመጣው ይህን ነው። ሰው ሆነን ሳይሆን ዕቃ ሆነን የመጣን ያስመስለናል። ዕቃ ደግሞ ያመጣውን ያመሰግናል እንጂ አይጠይቅም።

«ኧረ ተው፣ ምስጢር ነበር፣ ስማቸው የማይጠራው ለዚያ ነው» የሚሉ አሉ። ምስጢሩ ያን ጊዜ ተገቢ ነበር። የሙሴ ዘመቻ በጥር 1985 የቆመው ወሬው ስለወጣ አይደል? አፍ መዝጋት ነፍስ ያድን ነበር። ዛሬ ግን የሰላዮቹ መጽሐፍ በየሱቁ ነው። ምስጢሩ ለእነርሱ ሲፈታ ለእኛ ለምን ይቋጠራል? የኮሚቴ ልጆች ይባሉ የነበሩት፣ ገንዘብ ያከፋፈሉት፣ ሰው የቆጠሩት፣ ሱዳን ውስጥ ታስረው የተገረፉት፣ ብዙዎቹ ዛሬም እዚሁ በመካከላችን ናቸው። አንዱ ምናልባት ትናንት አውቶቡስ ላይ ወንበር የለቀቅህለት ሽማግሌ ነው።

እስቲ ኦሪትን ተመልከቱ። ቄሶቻችን በፋሲካ ሲያነቡት ሰምታችኋል። በዘፀአት መጀመሪያ ላይ የሁለት አዋላጆች ስም ተጽፏል፦ ሲፓራና ፉሐ። ፈርዖን ግን፣ ያ ሁሉ ከተማ ያሠራ ንጉሥ፣ ስሙ የለም! ፈርዖን ብቻ ተብሎ ቀረ። ሕፃናቱን በስውር ያዳኑት ሁለት ምስኪን ሴቶች ስማቸው ለዘለዓለም ተጠራ። የእግዚአብሔር የታሪክ አጻጻፍ ይህ ነው። የእኛስ? አራት ሺህ ያህል ወገኖቻችን በሱዳን መንገድ ላይ ቀርተዋል፣ ኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፣ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን እንሰበሰባለን። እናለቅሳለን፣ ከዚያ ምሳ በልተን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ልጆቻችን ግን ከኋላ ወንበር ስልካቸውን ይነካካሉ። ለምን አይነካኩ? ነግረናቸዋል እንዴ?

ሽማግሌዎቻችንንም በአክብሮት እወቅሳለሁ። «ልጆቹን እንዳያስጨንቅ» ብላችሁ ዝም አላችሁ። አላስጨነቀንም፣ ባዶ አደረገን እንጂ። እኔ በ1991 በሰለሞን ዘመቻ የመጣሁት የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት፣ አንዱ አውሮፕላን ብቻውን ከሺህ በላይ ሰው ጭኖ። ይህን ቁጥር ሁሉ በዕብራይስጥ ከመጽሐፍ ነው የተማርኩት። እናቴ ያን ቀን ምን እንደለበሰች ግን የጠየቅኋት በሠላሳዎቹ ዕድሜዬ ነው። እኛ ልጆችም ብንሆን ጥፋታችን አያንስም። መኪናና ቤት ስናሳድድ ከጎናችን የተቀመጠውን መጽሐፍ ሳንከፍተው መቃብር ይወስደዋል።

ስለዚህ የምለው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ምሽት የምታዘጋጁ ሰዎች ሆይ፣ የእኛን ሰው መድረክ ላይ ሳታስቀምጡ የእኛን መዳን አትሽጡ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ! ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ደውዬ ይህንኑ በትሕትና ተናገርኩ። የመለሰችልኝ ሴት «ዝግጅቱ ስለ ዘመቻው ነው እንጂ ስለ ማኅበረሰቡ አይደለም» አለችኝ። አስቡት እስቲ! ከማን ጋር ዘመቱ? ማንን ሊያወጡ? ዓሣውን?

ሁለተኛ፣ ወጣቶች፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አውጡና መቅጃውን ክፈቱ። ከባድ ጥያቄ አያስፈልግም። ከየትኛው መንደር ወጣችሁ? ማን መራችሁ? ማን ቀረ? እነዚህ ይበቃሉ፤ ቀሪውን ቡናው ይናገራል። አሜሪካና ካናዳ ያላችሁም፣ አገር ቤት ያላችሁም፣ በስልክ ጠይቁ። ጎንደር ላይ የቀሩት ደግሞ የመሄዱን ሌሊት ከእኛ በኩል ሳይሆን ከቀሪው በኩል ያውቁታል።

ሦስተኛ፣ ሽማግሌዎቻችን፣ ስም ጥሩልን። ታላላቆቹን ብቻ ሳይሆን ውኃ ያቀበለውን፣ ሕፃን ያዘለችውን፣ በኬላ ፊት የዋሸውን ጥሩልን። ስም የሌለው ጀግና ሌላ ሰው ይለብሰዋል።

ለአክስቴ ልጅ መልሼ ደወልኩለት። «ጋሼ ሆቴሉን አላየውም። በጨለማ ነው ያለፈው፣ ያየው ውኃውን ነው» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ቁጥሩን ስጠኝ፣ እኔው ልደውልለት» አለ። ይህች ትንሽ ነገር ደስ አሰኘችኝ።

ወደዚያ የወይንና የአይብ ምሽትም እንሄዳለን። ሁለት ቲኬት ገዝቻለሁ። ጋሼ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ወይኑን አንጠጣም፣ አይቡንም ይብሉት። ጥያቄ ያለው ሲባል ግን በዚህ ጊዜ እጄን አነሣለሁ፣ መሰላሉን ቤቴ ትቼ ነው የምሄደው።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ያ ገዳሪፍ ላይ ወደ ኋላ የተመለሰ ልጅ... ጋሼ እውነተኛ ስሙን አያውቀውም፤ ሁሉም በቅጽል ስም ነበር የሚጠራራው፣ ለጥንቃቄ። ጊዜው የ1982 መጀመሪያ ነው። አማርኛና ትግርኛ እየቀላቀለ ይናገር ነበር፣ የግራ አውራ ጣቱ በጨርቅ ታስሮ ነበር፣ እናቱና እህቱ በዚያች ሌሊት መኪና ወጥተዋል። ደርሶ ይሁን፣ ቀርቶ ይሁን፣ አናውቅም። የምታውቁት ካላችሁ፣ ወይም እርሱ ራሱ ይህን የሚያነብ ከሆነ፣ እባካችሁ ላኩብኝ። ጋሼ ዕድሜው እየገፋ ነው። አንድ ጊዜ ክንዱን ይዞ ማመስገን ይፈልጋል።

ቸር ያሰማን። ሰንበታችሁ የሰላም ይሁን።